መልስ፦ ቴል አቪቭና ጃፋን በሳይክል

እህቴ፣ ቴል አቪቭ ለአጭር ጊዜ ለሚመጣ ሰው ሳይክል መከራየት ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ በጣም ያዋጣል! ከቴል አቪቭ ወደብ ተነሺና ባሕሩን በቀኝሽ አድርገሽ ወደ ደቡብ ንጂ፣ እስከ ጥንታዊቷ የወደብ ከተማ ጃፋ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ መንገዱም ሜዳ ስለሆነ ብዙ ያልለመደ ሰው እንኳን አይቸገርም። መሀል ላይ እ.ኤ.አ. በ1916 የተሠራውን ሐሰን ቤክ መስጊድ ታያለሽ፣ የድሮው ሰፈር ፈርሶ ዙሪያው ፎቅ በፎቅ ሆኗል እሱ ግን አለ።

ጃፋ ስትደርሺ ግን ሳይክሉን የሰዓት ማማው አካባቢ ቆልፈሽ በእግርሽ ግቢ፣ አሮጌው ከተማ ደረጃና ጠባብ የድንጋይ መተላለፊያ ስለሆነ ሳይክል እየገፉ መዞር አይመችም። ማማው የኦቶማን ቱርኩ ሱልጣን አብዱልሃሚድ 2ኛ 25ኛ የንግሥና ዓመት መታሰቢያ ነው። ከዛ ቁልቁል ወደ ወደቡ ውረጂ፣ ዮናስ ወደ ተርሴስ ሊሸሽ መርከብ የተሳፈረባት ኢዮጴ እኮ ይቺው ናት፣ እኔ ሁሌም እዛ ስቆም ደስ ይለኛል።

በጋ ላይ ከመጣሽ በጠዋት ውጪ፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ከሰዓት ደግሞ ከባሕሩ ነፋስ ይነሳል። ቅዳሜ የባሕሩ ዳር በሰው ስለሚጨናነቅ ሌላ ቀን ይሻልሻል፣ ውሃም ያዢ።