ያልተጻፈ ሥራ እንቅልፍ ይነሳል

ልጆች፣ ሥራ ከጀመራችሁ ወዲህ ከአፋችሁ የማይጠፋ ነገር አለ፤ "በጣም ተወጥሬያለሁ"። አምናችኋለሁ። ሥራ ይበዛል። ግን ዕድሜዬን ቢሮ ውስጥ ስገፋ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቁጭ ብለው ከሚሠሩት ሥራ ይልቅ፣ ሳይሠሩ በሐሳብ ይዘውት የሚዞሩት ሥራ የባሰ ያደክማል።

በ2011 እ.ኤ.አ. ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ይህንኑ ይነካል። ያላለቀ ጉዳይ ሌላ ነገር ስንሠራ እየመጣ ይረብሸናል። ሰውየው ግን መቼና እንዴት እንደሚሠራው ቁርጥ አድርጎ ካቀደ ረብሻው ይቀንሳል። ልብ በሉ፣ ሥራው ገና አልተነካም!

ስለዚህ ጻፉ። ሁሉንም፣ አንድ ቦታ። ደብተር ይሁን ስልክ አልከራከርም፤ የምከራከረው "አንድ" በሚለው ላይ ነው። ግማሹ ቴሌግራም ላይ፣ ግማሹ ስክሪንሾት ውስጥ፣ ግማሹ ተከፍቶ በተተወ ኢሜይል ከሆነ ዝርዝር የላችሁም። (ግማሹ ሦስት ሆነ አይደል? ችግሩም እሱ ነው።)

አጻጻፉም ወሳኝ ነው። ብዙዎቻችሁ "ሪፖርት" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ሳምንት ያልፋል፣ "ሪፖርት" እዚያው አለ። ባያችሁት ቁጥር ይከብዳችሁና ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ስንፍና አይመስለኝም። ከየት እንደሚጀመር ስለማይናገር ነው። "የባለፈውን ሩብ ዓመት የሽያጭ ቁጥር ከሒሳብ ክፍል መጠየቅ" ብላችሁ ጻፉት እስቲ። አሁን የቀረው አንድ አጭር መልእክት መላክ ብቻ ነው። ከላካችሁ በኋላ ከጎኑ ማንን እንደምትጠብቁና የጠየቃችሁበትን ቀን አስፍሩ። "ረስቶኝ ይሆን?" እያላችሁ አትብሰለሰሉም፤ ቀኑን አይታችሁ ትደውላላችሁ። ቁጥሩ ሲመጣ ቀጣዩን ትጽፋላችሁ፦ "ሠንጠረዡን መሙላት"።

ቀነ ገደብ ያለው ካላንደር ላይ ይግባ። በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ለመጻፍ አትድከሙ፤ እዚያው ጨርሱት።

አፕ በመምረጥ ደግሞ ጊዜ አትፍጁ። በየወሩ አዲስ አፕ ማውረድ፣ ቀለም መቀያየር፣ ምድብ ማብዛት፣ ይኼ ሁሉ ከሥራ መሸሻ ነው። ደስ ስለሚል ሥራ ይመስላል እንጂ።

ብዙ ሰው የሚሰንፈው ዝርዝሩን ተመልሶ በማየት ላይ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ያምራል። ከዚያ ያለቀውም ያላለቀውም ይደባለቃል፣ ደብተሩም ይዘጋል። አእምሯችሁ አይሸወድም። ዝርዝሩን እንደማታዩት ካወቀ ጉዳዩን መልሶ ራሱ ይይዘውና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳችኋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ስልካችሁን ድምፁን አጥፍታችሁ ከላይ እስከ ታች እዩት። ያለቀውን ሰርዙ። "ይህንንስ መቼም አልሠራውም" የምትሉትንም ሰርዙ፤ እጅ ቢያቅማማም ሰርዙት። ቃል የገባችሁለት ሰው ካለ ግን በግልጽ "አልቻልኩም" በሉት። ሰው የሚቀየመው ዝም ሲባል ነው።

የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ትንሽ ጥናት አለ፤ የተሳተፉት 57 ወጣቶች ናቸው። ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ግማሾቹ የሠሩትን፣ ግማሾቹ ደግሞ በሚቀጥሉት ቀናት የሚሠሩትን ጻፉ። የሚሠሩትን የጻፉት ቶሎ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከእነሱም ዘርዘር አድርገው የጻፉት ይበልጥ ቶሎ ተኙ። በ57 ሰው ብዙ አይወሰንም፤ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚጠይቃችሁ።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ሥራው በእርግጥ ከአንድ ሰው አቅም በላይ ከሆነ ምንም ዓይነት ዝርዝር አያድናችሁም። ያን ጊዜ ዝርዝሩን ይዛችሁ አለቃችሁ ጋ ግቡ። ማማረር አያስፈልግም። ፊታቸው አስቀምጡና "ለዚህ ሳምንት የትኛው ይቆይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ "ሁሉም አስቸኳይ ነው" ይሏችሁ ይሆናል። ቶሎ አትውጡ፤ አንድ በአንድ አንብቡላቸው፣ እያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደሚወስድም ንገሯቸው። ይቆይ የተባለውንም እዚያው ፊታቸው ከነቀኑ ጻፉት።