መልስ፦ ለአራት ሰው ቤተሰብ የ4 ሰው ድንኳን ይበቃል ወይ?

ሁለት ልጆች ይዛችሁ መጀመሪያ ላንጋኖ፣ ቀጥሎ ባሌ ዲንሾ ልታድሩ ነው፤ የ4 ሰው ድንኳን ይበቃል ወይ ብለሻል። አይበቃም። «የ4 ሰው» የሚሉት አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ሲተኛ ነው። ሻንጣው ውጭ ሊያድር ነው። የ6 ሰው ግዢ። ከድንኳኑ ላይ የሚደረበው የዝናብ ልባስ እስከ መሬት የሚወርድ ይሁን። ግማሽ ድረስ ብቻ የሚሸፍነው ዋጋው ይቀንሳል፤ ዝናቡ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ግን በጎን ይገባል።

ለላንጋኖ ብርድ አትጨነቂ። ስምጥ ሸለቆ ወባ ስላለ የበሩን መረብና ዚፕ በደንብ እዪ።

ዲንሾ ሌላ ነገር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በበጋ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሰው ሁሉ ገንዘቡን ስሊፒንግ ባግ ላይ ያፈሳል፤ ብርዱ ግን ከመሬት ነው የሚመጣው። በአየር የሚነፋ ተራ ፍራሽ ብቻውን አያሞቅም፤ ወፈር ያለ ስፖንጅ አንጥፉ። ስሊፒንግ ባጉ ላይ ሁለት የሙቀት ቁጥር ካለ «ኮምፎርት» (ተመችቶ የሚተኛበት) የሚለውን እመኚ፣ «ሊሚት» (እንደምንም የሚቻልበት) የሚለውን ተዪው። ከላይ ጋቢ ደርቡ፤ እሱን የሚያህል የለም።

ድንኳኑን መጀመሪያ ግቢያችሁ ውስጥ ትከሉት። የጎደለ ካስማ እዚያው ይታወቃል።

አንድ ነገር አደራ፦ የቱንም ያህል ቢበርድ የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ፍሙ ሊጠፋ የደረሰም ቢሆን። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ተኝተው ሳሉ ይገድላል።