ቀለህ መሙላት ይቅርብኝ? ጠረጴዛውስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ጓሮዬ ባለችው ክፍል ወርክሾፕ ልከፍት አስቤያለሁ። ውጭ አገር ሰዎች ቤታቸው ቀለህ መልሰው ሲሞሉ አይቼ፣ እኔም የአባቴን ጠመንጃ ቀለህ ልሞክር ብያለሁ። ጠረጴዛውን እንዴት ልሥራው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀለሁን ተወው። እኛ አገር የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ ያለ ፈቃድ ጓዳ ውስጥ የሚሠራ ነገር አይደለም። ሌላው ደግሞ አደጋው ነው። እነሱ ባሩዱን የሚመዝኑት በግሬን ነው፤ 1 ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ናት። ተዘናግተህ አንዱ ቀለህ ውስጥ ሁለቴ ብትጨምር ጠመንጃው እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ልጆች ባሉበት ቤት ባሩድ ማስቀመጡንማ ሳስበው ይጨንቀኛል።

ወርክሾፑ ግን ሸጋ ሐሳብ ነው! ለጠረጴዛው ባሕር ዛፍ እንደሆነ በደጅህ ነው፤ ብቻ እርጥቡን እንዳትሠራበት፣ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ሞርሳውን፣ ማለትም ብረቱን ነክሶ የሚይዝልህን ማሰሪያ፣ የጠረጴዛው እግር ካለበት ጥግ ላይ አድርገው። እኔ መጀመሪያ መሀል ላይ በሚስማር መታሁትና ሞረድ ባስነካሁ ቁጥር ጠረጴዛው በሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በኋላ ነቅዬ ጥግ ላይ በረጅም ቡሎንና በሮንዴላ ከታች ሳስረው ነው ዝም ያለው። የሞርሳው ከንፈር ቆመህ ከክርንህ እኩል ይሁን፣ አለዚያ ወገብህ አይችለውም። ፍሌክስ (ብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽኑን) ስትይዝ መነጽር አድርግ፤ ፍንጣሪው የሚሄድበት አቅጣጫ ላይ ገለባም ጋዝም አይኑር።