ማህፀን ዝም የሚለው በምን ኃይል ነው? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

«የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ማታ ማታ ሆዴ ጥጥር ይልና ወዲያው ይለቀኛል። ምጥ ነው እንዴ?»

መጣ ሄደ ካለና እየጠነከረ ካልሄደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምጥ አይደለም። ሐኪሞች «ብራክስተን ሂክስ» ይሉታል፤ በ1872 እ.ኤ.አ. ስለ ጉዳዩ በጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ስም ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ማህፀን ወራት ሙሉ ጸጥ ማለቱ ነው። ጡንቻ ሲለጠጥ መኮማተር ይቀናዋል። ይህን የሚገታው በሴሎቹ ሽፋን ላይ ያሉት አዮን ቻናሎች፣ ማለትም ጥቃቅን በሮች ናቸው። በፖታሲየም በሮች በኩል ፖታሲየም ሲወጣ የሴሉ ውስጥ ኔጌቲቭ ሆኖ ይቆያል። ያኔ የካልሲየም በሮች አይከፈቱም። ካልሲየም ካልገባ ደግሞ መኮማተር የለም። መውለጃው ሲደርስ የፖታሲየሙ ፍሰት ይዳከማል። ሴል ከሴል የሚያገናኙት መተላለፊያዎችም ይበዛሉ፤ አንድ ቦታ የተነሳ የኤሌክትሪክ ምልክት ተዛምቶ ማህፀኑን በአንድ ላይ ያኮማትረዋል። በሰባተኛው ወር መተላለፊያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው። ምልክቱ ብዙም ሳይርቅ ይጠፋል፤ አንቺም ሆድሽ ይለቅሻል።

ህመሙ በተወሰኑ ደቂቃዎች ልዩነት እየተመላለሰ ከበረታ፣ ደም ወይም የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰሽ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪም ጋ ሂጂ።

«ጡንቻውን የሚያኮማትረው ካልሲየም ከሆነ፣ የታዘዘልኝ የካልሲየም ክኒን ምጥ አያመጣብኝም?»

ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው! አያመጣም። ከሴሉ ውጭ ያለው ካልሲየም ድሮም ውስጥ ካለው በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ወሳኙ የበሩ መከፈት ነው። ክኒኑ የሚሰጠው በተለይ ከምግባቸው በቂ ካልሲየም ለማያገኙ እናቶች ነው፤ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን አደገኛ የደም ግፊት ይቀንሳል። በራስሽ እንዳታቋርጪው።

«ባለቤቴን በ31ኛ ሳምንቷ ምጥ ያዛትና ኒፌዲፒን ሰጧት። የግፊት መድኃኒት አይደለም እንዴ? ግፊት እኮ የለባትም።»

ነው። የደም ስር ጡንቻና የማህፀን ጡንቻ ተመሳሳይ የካልሲየም በር አላቸው፤ ኒፌዲፒን ሁለቱንም ይዘጋል። ምጡን ለወራት ያስቆመዋል ብለህ ግን አትጠብቅ። የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ 48 ሰዓት ማግኘት ነው፤ የጽንሱን ሳንባ የሚያበረታው የስቴሮይድ መርፌ እስኪሠራ።

«ልጁ ከተወለደ በኋላ ኦክሲቶሲን ለምን ወጉኝ?»

ደም እንዳይፈስሽ። የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ የደም ስሮቹ ክፍት ይቀራሉ። ኦክሲቶሲን በሴሎቹ ውስጥ ካልሲየም እንዲጨምር ያደርጋል፤ ጡንቻው ይኮማተርና ስሮቹን ጨምቆ ይዘጋቸዋል።