መልስ፦ ጨው ምልክት አልሠራልኝም፣ ሙጫ የጨመርኩበት የውሃ ቀለም ደግሞ ተሰነጠቀ

ሰላም እህቴ፤ ጨው ላይ የተበላሸው ሰዓቱ፣ ሙጫው ላይ ደግሞ መጠኑ ነው። የውሃ ቀለም የቀባሽውን ወረቀት ገና እርጥብ ሳለ ወደ ብርሃን አዘንብለሽ እዪው። ላዩ ላይ ያቆረው ውሃ ጠፍቶ ብልጭታው ሊደበዝዝ ሲል ጨውን በትኚበት። ቀድመሽ ከበተንሽ ጨው ይሟሟል፤ ከዘገየሽ የሚስበው ውሃ አይኖርም። በፀጉር ማድረቂያ አታጣድፊው፣ ራሱ ይድረቅና አራግፊው። ደቃቅ ጨው ትንንሽ ነጠብጣብ፣ ሻካራው ሰፋ ያለ አበባ መሰል ምልክት ይተዋል።

ሙጫውን በሚዛን 1 እጅ የተፈጨ የግራር ሙጫ በ2 እጅ ሙቅ ውሃ በጥብጠሽ አሳድሪው፤ ከዚያ በነጠላ ቁራጭ አጥልዪው። (ዕጣን እንዳይሰጡሽ! እሱ በውሃ በደንብ አይሟሟም።) ለአንድ የሾርባ ማንኪያ የተበጠበጠ ቀለም 3 ወይም 4 ጠብታ ይበቃል። ሲበዛ ፊቱ እንደ ቫርኒሽ ያብረቀርቅና ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ደግመሽ ስትቀቢበት ደግሞ ከሥር ያለው ቀለም ተነሥቶ ይጨቀያል። 1 ጠብታ ግሊሰሪን ያለሰልሰዋል። ግን በዝናብ ወራት እሱንም ቀንሺ፤ እርጥበት ስለሚስብ ሥዕሉ ሳምንት ቆይቶም እጅ ላይ ይጣበቃል።