ካፖዲስትሪያስን የገደሉት ለምን የነጻነት አርበኞች ሆኑ?

የግሪክ አገር አስተዳዳሪ ስለ ነበረው ሰው አንድ አባል «ኢዮአኒስ ካፖዲስትሪያስ ለግሪክ ነጻነት ይህን ያህል ከደከመ፣ ገዳዮቹ ለምን የራሱ ወገን አርበኞች ሆኑ?» ሲሉ ጠይቀዋል። በአቴንስ በኖርኩባቸው ዓመታት ከግሪካውያን የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በዚህ ጉዳይ ደጋግመን ተወያይተናል፤ የገዳዮቹ አገር የሆነችው፣ በደቡብ ግሪክ ያለችው የማኒ ተወላጅና የካፖዲስትሪያስ ደሴት የኮርፉ ተወላጅ የሚሰጡት መልስ ፈጽሞ አይገጥምም። እኔ ከዚያ ሁሉ የተረዳሁት፣ የጠቡ ሥር ነጻ የወጣውን ምድር ማን ያስተዳድር፣ ግብሩንስ ማን ይሰብስብ የሚለው ጉዳይ መሆኑን ነው።

ካፖዲስትሪያስ እ.ኤ.አ. በ1776 በኮርፉ ተወለደ፤ በፓዶቫ ሕክምና ተማረ፤ በኋላም በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት (ዛር) አሌክሳንደር ቀዳማዊ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሰ። ለግሪክ ነጻነት የሚሠራው ፊሊኪ ኤቴሪያ የተባለ ምስጢራዊ ማኅበር መሪ እንዲሆነው ሲለምነው እምቢ አለ። በኦቶማን ቱርክ ላይ የተደረገው አመፅ በ1821 ተነሥቶ ዛሩ ድጋፍ ሲነፍገው ግን ከሥራው ርቆ በ1822 ጄኔቭ ገባ፤ እዚያም ሆኖ ለወገኖቹ እርዳታ ያሰባስብ ነበር።

በ1827 በትሪዚና የተሰበሰበው የግሪካውያን ጉባኤ ለሰባት ዓመት የአገር አስተዳዳሪ እንዲሆን መረጠው። በጥር 1828 ሲደርስ የጠበቀው ባዶ ግምጃ ቤት፣ የባሕር ወንበዴ፣ በእርስ በርስ ጦርነት የተቃቃሩ አለቆችና ከደቡቡ የፔሎፖኔዝ ምድር ገና ያልወጣው፣ ለኦቶማን የሚዋጋው የግብፁ ኢብራሂም ፓሻ ጦር ነበር። ደመወዝ ሳይቀበል ፊኒክስ የተባለውን ገንዘብ አሳተመ፤ በኤጊና ለሙት ልጆች ማሳደጊያ ከፈተ፤ ድንች እንዲተከል አደረገ። በዚህ ሁሉ እጅግ አከብረዋለሁ፤ ይሁን እንጂ የትሪዚናን ሕገ መንግሥት አግዶ ሥልጣንን በእጁ መጠቅለሉ፣ ደማቸውን ላፈሰሱ ሰዎች የሚዋጥ አልነበረም።

የኢድራ ደሴት የመርከብ ባለቤቶች በጦርነቱ ላጡት ንብረት ካሣ ጠየቁ፤ የማኒ ባላባቶችም የቆየ መብታቸው ሲነካ ሸፈቱ። በ1831 የበጋ ወራት ከኢድራ ሰዎች ጋር የቆመው አድሚራል ሚያውሊስ በፖሮስ ወደብ የመንግሥትን መርከቦች አቃጠለ። በ1821 ማኒን ለትግል ያስነሣው ፔትሮቤይ ማቭሮሚሃሊስ ደግሞ በእስር ላይ ነበር። በማኒ ባህል የቤተ ሰብ አለቃን ማሰር ደም የሚያስፈልገው ውርደት ነበር፤ በእኔ ግምት የካፖዲስትሪያስ ትልቁ ስሕተት ይህንን አቅልሎ ማየቱ ነው። የፔትሮቤይ ወንድም ኮንስታንቲኖስና የፔትሮቤይ ልጅ ዮርጎስ በጥቅምት 9 ቀን 1831 በናፍፕሊዮ በቅዱስ ስፒሪዶን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ገደሉት። ጥይቱ የመታው ነው የሚባለው የግድግዳው ምልክት እስካሁን በመስተዋት ተሸፍኖ ይታያል።

ከእርሱ በኋላ ወንድሙ አውጉስቲኖስ አገሩን ሊያረጋጋ አልቻለም፤ ታላላቆቹ መንግሥታት (እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ) የመረጡት የባቫሪያው ልዑል ኦቶ በ1833 የ17 ዓመት ንጉሥ ሆኖ ሲመጣ፣ ባላባቶቹ የፈለጉት ሕገ መንግሥት እስከ 1844 ድረስ አልተገኘም።