በ42 ዓመቴ ማሞግራም ልነሳ ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 42 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሐኪሜ ማሞግራም (የጡት ራጅ) አዘዘችልኝ። ምንም አያመኝም፤ በቤተሰባችንም የጡት ካንሰር የያዘው ሰው የለም። ለንደን ያለችው እህቴ «እዚህ ከ50 በፊት አይጠሩም፤ ጉዳት አለው ይባላል፤ ይቅርብሽ» ትለኛለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህትዎ ያወሩት እውነት ነው። እንግሊዝ አገር ሴቶች የሚጠሩት ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ፣ በየ3 ዓመቱ ነው። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን መመሪያ የሚያወጣው የባለሙያዎች ቡድን በ2009 ከ50 በታች ላሉት «ከሐኪማችሁ ጋር ተማክራችሁ ወስኑ» ይል ነበር። በ2024 ግን ከ40 እስከ 74 ዓመት በየ2 ዓመቱ ይነሱ አለ፤ በአርባዎቹ ዕድሜ የሚያዙት ቁጥር እየጨመረ ነውና።

ጉዳት የሚባለው ጨረሩ ይመስላቸዋል ብዙዎች። ጨረሩ ጥቂት ነው። ዋናው ክርክር ሌላ ነው፦ ማሞግራም፣ ሳይታከም ቢቀር እንኳ ዕድሜ ልክ የማይጎዳ ካንሰርንም ያገኛል። የትኛው አድጎ እንደሚገድል አስቀድመን መለየት ስለማንችል ሁሉንም እናክማለን። በ2012 እንግሊዝ ውስጥ ጉዳዩን የመረመረ ገለልተኛ ቡድን እንደገመተው፣ 10,000 ሴቶች ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ለ20 ዓመት ቢጠሩ 43ቱ ከሞት ይተርፋሉ፤ 129ኙ ደግሞ ባይታወቅ በማይጎዳቸው ካንሰር ታማሚ ይባላሉ። ቀዶ ሕክምናውና የጨረር ሕክምናው ቀላል አይደለም፤ ይህን ሳይነግሩ ሴትን ማሽኑ ፊት ማቆም ተገቢ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ አውቀውም ቢሆን እንዲነሱ እመክርዎታለሁ፤ በየዓመቱ ሳይሆን በየ2 ዓመቱ። በእርስዎ ዕድሜ ጡት ብዙ ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዕጢም ነጭ ነው። ስለዚህ ተመልሰው ይምጡ ሊባሉ ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ ማሞግራም ከተነሱ 100 ሴቶች 10 ያህሉ ለተጨማሪ ምርመራ ተመልሰው ይጠራሉ፤ አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። ስልኩ ሲደወል አይደንግጡ፤ ግን ሳይሄዱ አይቅሩ።

በዕለቱ ብብትዎን ዲዮድራንት አይቀቡ፤ በውስጡ ያለው አልሙኒየም ፊልሙ ላይ የካልሲየም ነጠብጣብ (አንዳንዴ የካንሰር ምልክት የሚሆን) ሊመስል ይችላል። ጡት በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ሲጨመቅ ያማል፤ የሚቆየው ግን ለሰከንዶች ነው። የወር አበባ ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ቢቀጠሩ ሕመሙ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ክርክር ምንም ምልክት ለሌላት ሴት ነው። እብጠት ከዳሰሱ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ካወጣ፣ ባለፈው ወር የተነሱት ማሞግራም ንጹሕ ቢሆን እንኳ በዚያው ሳምንት ይታዩ። አገር ቤት ላሉት ዘመዶችዎም ይህንኑ ይንገሩልኝ፤ እዚያ ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እብጠቱ ካደገ በኋላ ነው።